የጊትዌብ ገጽ ባዶ ሲሆን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ኮምቦልቻ ውስጥ ሶፍትዌር የምታለሙ ወጣቶች ጊትዌብን (የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት የተያዘውን ታሪክ በብሮውዘር የሚያሳይ ፕሮግራም) በቢሯችሁ ሰርቨር ብትጭኑ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም የኮዳችሁን ታሪክ በብሮውዘር ታያላችሁ። ብዙዎች «ፕሮጀክት አልተገኘም» የሚለው ገጽ ሲመጣባቸው መተዋቸው ያሳዝናል።

መጀመሪያ በጊትዌብ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ «ፕሮጀክትሩት» (projectroot) የሚለው መስመር ሪፖዚተሪዎቹ (የኮዱና የታሪኩ ማከማቻዎች) ያሉበትን ፎልደር በትክክል መጥቀሱን እዩ። ቀጥሎ ፈቃዱን፦ ገጹን የሚያቀርበው የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም አፓቼ በራሱ ተጠቃሚ ስም ስለሚሠራ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ፎልደር ብቻ ከተዘጋበት አያልፍም። ለሁሉም የመጻፍ መብት የሚሰጠውን 777 ፈቃድ ግን አትስጡ፤ ማንም ታሪኩን ሊያጠፋው ይችላል፤ ለማንበብና ለመግባት 755 ይበቃል።

አሁንም እምቢ ካለ፣ ምክንያቱ የባለቤትነት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፦ ጊት ከ2022 ወዲህ ባለቤቱ ሌላ ተጠቃሚ የሆነ ሪፖዚተሪ እንዲያው አይከፍትም። የሪፖዚተሪውን አድራሻ «ሴፍ ዳይሬክተሪ» (safe.directory) በሚባለው የጊት የታመኑ ፎልደሮች ቅንብር ላይ በሲስተም ደረጃ (ለሁሉም ተጠቃሚ) መዝግቡ፤ በራሳችሁ ስም ብቻ የመዘገባችሁትን አፓቼ አያነበውም። በገጹ ፈንታ ጊትዌብ የተጻፈበት የፐርል ቋንቋ ኮድ ከወጣ፣ አፓቼ እንዲህ ያለውን ኮድ እንዲያስኬድ የሚያደርገውን ሲጂአይ ሞጁል አብርታችሁ አፓቼን እንደገና አስነሱ።

የሶፍትዌር ባለሙያዎች፣ ከኮምቦልቻ