ለማሽኑ የሚሆነው ቦታ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤
ልደታ፣ አዲስ አበባ

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የምገዛልሽ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የት እንደሚቀመጥ በስልክ ጠይቀሽኝ ነበርና፣ ነገሩን በደንብ አስቤበት ይህን ጻፍሁልሽ።

እዚህ ለንደን ማሽኑ የሚቀመጠው ማድ ቤት ውስጥ ነው። ብዙዎቹ ቤቶች አሮጌና ጠባብ ከመሆናቸው በላይ፣ የኤሌክትሪክ ደንቡ ከሻወርና ከገንዳ አጠገብ ተራ ሶኬት እንዳይገጠም ይከለክላል። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ግን ምድር ቤት ነው ያስቀመጠችው፤ እዚያ ቤቱ የሚሠራው በአብዛኛው በእንጨት ስለሆነ፣ ማሽኑ ልብስ ሲጨምቅ የፎቁን ወለል ያንቀጠቅጠዋል። ስዊድኖች ደግሞ በየአፓርትመንቱ የጋራ ማጠቢያ ክፍል አላቸው፤ ቀን እየያዙ በተራ ያጥባሉ።

የእኛም ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ልብስ ማጠብ፣ እንጀራ መጋገርና በግ ማረድ ከጎረቤት ጋር በጋራ ቤት እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሐሳቡ ለኑሯችን የቀረበ በመሆኑ አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን በዚሁ ምክንያት በየቤቱ ለማሽን ተብሎ የተዘጋጀ ቦታም ሆነ ቧንቧ የለም።

ማድ ቤት እንዳይገባ እለምንሻለሁ። የወጡና የቁሌቱ ሽታ ነጠላሽ ላይ ይቀራል፤ ቦታውም ለአንቺ ራስሽ አልበቃም። መታጠቢያ ቤቱ ውሃም ፍሳሽም አለው፤ ሆኖም ሻወሩ መከለያ ስለሌለው ሶኬቱ ላይ ውሃ ይረጫል፣ ይህም ለሕይወት አደገኛ ነው። ለእኔ የሚሻለው ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ያለው የኮሪደሩ ግድግዳ ሲሆን፣ የማሽኑ የውሃ ጎማ ብቻ በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ ወደ ውስጥ ይግባ። ብሎኬቱን መብሳት አያስቸግርም፤ ሠራተኛው ሕንፃውን የተሸከሙትን ኮለኑንና ቢሙን ግን እንዳይነካ፣ ሶኬቱንም የመሬት ሽቦ ሳያገናኝ እንዳይጨርስ አደራ በይው።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሙሉ አውቶማቲኩን ትቼዋለሁ። ብዙዎቹ አውቶማቲኮች ቢያንስ ግማሽ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያህል የውሃ ግፊት ይፈልጋሉ፤ ይህም ውሃው ከአምስት ሜትር ያህል ከፍታ እንዲወርድ ማለት ነው፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ደግሞ ይህን አይሰጥም። ባለ ሁለት ጎድጓዳውን፣ አንዱ የሚያጥበውን ሌላው የሚጨምቀውን ማሽን፣ ግን በባልዲ መሙላት ይቻላል፤ ነጩ የታጠበበትን ውሃ ሳትደፊ ባለ ቀለሙን ልብስ ታጥቢበታለሽ። ቆሻሻ ውሃው የሚወርደው በቁልቁለት በመሆኑ ማሽኑ ከፍሳሹ በላይ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ከሥሩ በሲሚንቶ ጠንካራ መደብ ይሠራለት። ጋቢና የጥበብ ቀሚስሽን ግን እንደ ልማድሽ በሳፋ በእጅሽ እጠቢያቸው።

የኮሪደሩን ወርድ ወንድሜ በሜትር ለክቶ ይላክልኝ፤ ማሽኑ ከገባ በኋላ አንቺ እንስራሽንና ሳፋሽን ይዘሽ የምታልፊበት ቦታ መኖሩን ሳላረጋግጥ አልገዛም።

አክባሪ ልጅሽ