የልጆች የደም ካንሰር በአንድ መንደር ሲበዛ

ክቡር አዘጋጅ፣

በአንድ መንደር ሁለት ሦስት ሕፃናት ሉኬሚያ (የደም ካንሰር) ሲይዛቸው ጣት የሚቀሰረው አጠገቡ ባለው ፋብሪካ ላይ ነው። አስቀድሞ ግን ቆጠራው ይታይ። በአማካይ 0.5 ታማሚ የሚጠበቅባቸው 1,000 መንደሮች ቢኖሩ፣ በ14ቱ ገደማ ሦስትና ከዚያ በላይ ሕፃናት በአጋጣሚ ብቻ ይታመማሉ። የሚቆጠረው አካባቢ ድንበር ታማሚዎቹ ከታወቁ በኋላ ከተሰመረ ስሌቱ ይበላሻል።

በእንግሊዝ ከሴላፊልድ የኑክሌር ጣቢያ አጠገብ ያለችው የሲስኬል መንደር ግን ትለያለች። የታማሚዎቹ ቁጥር ከተለመደው በላይ መሆኑን በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው የብላክ ሪፖርት (ጉዳዩን የመረመረው ቡድን ዘገባ) አረጋግጧል፤ የተገመተው ጨረር ግን ለዚያ የሚበቃ አልነበረም። በ1990 ተመራማሪው ጋርድነር አባቶችን ከመውለዳቸው በፊት በሥራ ላይ ያገኛቸውን ጨረር ጠረጠረ፤ ከአቶሚክ ቦምብ የተረፉ ጃፓናውያን በወለዷቸው ልጆች ላይ ግን የሉኬሚያ መብዛት አልታየም። ለእኛ ሚዛን የሚደፋው የተመራማሪው ኪንለን ሐሳብ ነው፦ ጭር ወዳለ ገጠር ከየቦታው ሠራተኛ ሲጎርፍ ያልተለመደ ተላላፊ ነገር ይዛመታል፤ ከተያዙት ሕፃናት ጥቂቱ ሉኬሚያ ይይዛቸዋል። ተሕዋሱ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ወላጅን «አጋጣሚ ነው» ብሎ መሸኘት ነውር ነው። የሉኬሚያው ዓይነት፣ የታወቀበት ቀን፣ ሕፃኑ ሲወለድም ሲታመምም የኖረበት ቤት ለየብቻ ይመዝገብ። የትውልድ አድራሻ ካልተያዘ ከመንደሩ ወጥተው ሌላ ቦታ የታመሙት ከቆጠራው ይወድቃሉ።