በስድስት ቃል የተሸኘው ተራ ፖሊስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሑድ ስለ ሆንግ ኮንግ ፀረ ሙስና ኮሚሽን ያወጣችሁትን አነበብኩ። ስለ ኮሚሽኑ ያላችሁት አያጣላንም። ያበሸቀችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «በ1977 ፖሊሶቹ ጉቦ ቀረብን ብለው አመፁ።» አለቀ። ለኮሚሽኑ ሙሉ ገጽ፣ ለተራው ፖሊስ ስድስት ቃል። እግዜር ይስጥልኝ።

እኔ 24 ዓመት ፖሊስ ነበርኩ። ሆንግ ኮንግን አልረገጥኳትም፤ ግን ስለ ፖሊስ የተጻፈ ነገር ካገኘሁ አላልፍም።

የማይካደውን ላስቀድም። ከእነዚያ ፖሊሶች ውስጥ እጃቸው ያለበት ብዙዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1977 ሺዎች ሆነው አቤት ለማለት ወደ ፖሊስ ጠቅላይ መምሪያ ሲሄዱ፣ ከመሀላቸው የኮሚሽኑን ቢሮ ሰብረው ገብተው ሠራተኞቹን የደበደቡ አሉ። ለነሱ ጠበቃ አልቆምም።

ግን ኮንስታብሉ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ኑሮው፣ ስለ ኮሚሽኑ ምርመራ አያያዝ ቅር ቢለው በየት በኩል ይናገር ነበር? የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆን በሕግ ተከልክሏል። ለተራው ፖሊስ የሚናገርለት የራሱ ማኅበር የተፈቀደው ከዚያ ሁከት በኋላ ነው። ያኔ ሆንግ ኮንግን ይገዙ የነበሩት እንግሊዞች መላው ጠፍቷቸው እንዳይመስላችሁ። በ1918 እና በ1919 የገዛ አገራቸው ፖሊሶች በደመወዝ የተነሳ ሥራ ሲያቆሙ፣ ደመወዛቸውን ጨመሩላቸው፤ አድማ ቢከለክሏቸውም አቤት የሚሉበት ማኅበር በሕግ አቋቋሙላቸው። ያው መንግሥት ለሆንግ ኮንግ ኮንስታብል ይህን ለማሰብ 58 ዓመት ፈጀበት። የለንደን ፖሊስ ሆድ አለው፤ የቅኝ ግዛቱ ፖሊስ በአየር ይኖራል መሰለኝ።

ጉቦው ደግሞ ከታች የበቀለ አልነበረም። አዲስ ገቢው ፖሊስ የሚሰማት አባባል ነበረች፦ አውቶቡሱ ላይ ውጣ፤ ካልፈለግህ ከጎኑ ሩጥ፤ ከፊቱ ግን እንዳትቆም። (ፖሊስ የነበረ ሰው ይቺን ሲሰማ አስተርጓሚ አያሻውም፤ ለሌላው ግን፦ አውቶቡሱ ጉቦው ነው፤ ወይ አብረህ ብላ፣ ወይ ዝም በል፣ እንዳታደናቅፍ ብቻ።) ሹፌሮቹ እነማን ነበሩ? አንዱ ከፍተኛ የፖሊስ መኮንኑ፣ ዋና ሱፐርኢንተንደንት ፒተር ጎድበር ነው። ከ4 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ተገኘበት፤ የዕድሜ ልክ ደመወዙ ቢደመር የዚህን ሩብ አይሞላም። በ1973 ምርመራ ሲከበው በፖሊስ የአየር ማረፊያ መግቢያ ወረቀቱ አልፎ በአውሮፕላን ውልቅ አለ። በኋላ ተመልሶ አራት ዓመት ተፈረደበት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው፤ እናንተ ደግሞ ዳዋውን ብቻ ጻፋችሁ።

ከሁከቱ በኋላ የሆነውንም ዘላችሁታል። ገዥው ማክሌሆስ ኖቬምበር 5 ቀን ምሕረት አወጀ፤ ከ1977 መግቢያ በፊት የተሠራ ጥፋት፣ ምርመራው ካልተጀመረ በቀር፣ ባብዛኛው ተተወ። ከሁለት ቀን በኋላ የፖሊስ ሕጉ ተሻሽሎ፣ ትእዛዝ እምቢ ያለ ፖሊስ ያለ ብዙ ሥርዓት እንዲባረር ተፈቀደ። ማኅበሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ለሌባው ምሕረት ቀደመ፣ ቀጥሎ ዱላ፣ ጆሮ መጨረሻ። ዘጋቢያችሁ ይቺን ቅደም ተከተል አይቶ ምንም አልከነከነውም?

እኔን ይከነክነኛል። ወጣት ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው ጣቢያ፣ የአምስት ወር ውሎ አበል ቀረብን። አለቃዬን ብጠይቀው «በጽሑፍ አቅርብ» አለኝ። በባለመስመር ወረቀት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንድም ስርዝ ድልዝ ሳይኖርበት ጽፌ አቀረብኩ። አገላብጦ አየውና ስለ አበሉ አንድ ቃል ሳይተነፍስ «ማነው የጻፈልህ?» አለኝ። ራሴ ነኝ ብለው አላመነም። ሦስት ሌሊት በተከታታይ ጥበቃ አቆመኝ፤ ያውም ሶሉ በተላቀቀ ከስክስ ጫማ፣ በክረምት። አበሉ እስከ ዛሬ አልመጣም። ጉቦ ግን አልበላሁም። ስለዚህ «ጉቦ ቀረብን» የሚለውን ቃል ለፖሊስ ሁሉ በጅምላ ስትሸጡት ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ዓመትም ስለ ፖሊስ ጡረታ ደብዳቤ ልኬላችሁ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላችኋል። ምናልባት እናንተም ማን እንደጻፈልኝ እያጣራችሁ ይሆናል። ይቺንም ራሴ ነኝ የጻፍኳት።

ጡረተኛ ሳጅን፣ ከጉለሌ