ደብተሩን አስዘጉትና ጠይቁት

ውድ አዘጋጅ፣

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ወሬው ያው ነው። መምህሩ ሰነፈ፣ ተማሪው ስልክ ላይ ተጥዷል፣ ፈተናው ከበደ። በ2014 ዓ.ም. ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ አገር ጉድ አለ። በ2017 ቁጥሩ 8.4 በመቶ ደረሰ። መሻሻል ነው፣ ግን አሁንም ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ግማሹን አላመጣም።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። እኛ ጋ ጎጃም ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የከረመበት ስንት ቀበሌ አለ፤ መጽሐፍ በእጁ ሳይነካ ክፍል የሚጨርስ ልጅም ሞልቷል። ይህን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። የምጽፈው ማንም ስለማያነሳው ጉዳይ ነው፦ ልጆቻችንን "አጥና! አጥኚ!" እንላቸዋለን እንጂ እንዴት እንደሚጠና አናስተምራቸውም።

እኔ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጎበዝ የሚባለው ተማሪ ሲያጠና እዩት። ደብተሩን ይገልጣል፣ ያነባል፣ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምራል፣ እንደገና ያነባል። ስለ ልብ ሲያነብ ያመሻል። ጠዋት "ደብተርህን ዝጋና ሰሌዳው ላይ ሥራልኝ" ስትሉት ልቡን በደንብ ይስልና አራት ቦታ ይከፍለዋል። "ከሰውነት የተመለሰው ደም በየት በኩል ይገባል?" ስትሉት ጠመኔውን ይዞ ይቆማል። በቀኝ ገብቶ ወደ ሳንባ እንደሚሄድ፣ ከሳንባ በግራ ተመልሶ ወደ ሰውነት እንደሚረጭ ማታ ዓይኑ ላይ ነበር። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ አንብቧል። ግን ማየትና ማወቅ ተምታቶበታል። ደጋግመን ያየነው ነገር የምናውቀው ይመስለናል፤ ፈተና ላይ ደግሞ የሚያሳየን ደብተር የለም።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ቡድን በአራት የጥናት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበው። ሌላው በአንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ በሦስቱ ወረቀቱን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ በአራቱም ያነበቡት 40 በመቶ ገደማውን፣ በቃላቸው የጻፉት 61 በመቶውን አስታወሱ። እኔን የገረመኝ ደግሞ በራሳቸው ይበልጥ ተማምነው የነበሩት አንባቢዎቹ መሆናቸው ነው። የኛም ልጆች "አጥንቼ ነበር እኮ ቲቸር፣ ጠፋብኝ" የሚሉት ውሸታቸውን አይደለም።

እንዲህ ስል "ይኸው ሽምደዳ መጣ" የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ሽምደዳ ማለት ያልገባህን ዓረፍተ ነገር እንዳለ መዋጥ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙው ልጅ የሚውጠው ቃላቱን እንጂ ነገሩን አይደለም፣ አንድ ቃል ከተነቀለችበት ሌላው ሁሉ ይናድበታል። ስለዚህ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ለታናሽ ወንድሙ እንደሚያስረዳ አድርጎ ይናገረው። ተናግሮ ከጨረሰ ገብቶታል። መሀል ላይ ከተንተባተበ የቱ ጋ እንደጎደለው ራሱ ያውቀዋል፣ ያንን ብቻ ከፍቶ ያያል። እንግሊዝኛው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ደግሞ ይህን ከባሕር ማዶ መማር የሚያስፈልገን ሰዎች አልነበርንም። የቅኔ ትምህርት ቤቱ ዲማ ጊዮርጊስ እዚሁ አጠገባችን ነው፣ ሌሎቹ የቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅም የጎጃም ናቸው። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ብቻውን ጥግ ይዞ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በቃሉ ይደርሳል፣ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ የተሳሳተው እዚያው ይታረማል። የቃል ትምህርትም ማታ በጨለማ፣ መጽሐፍ ሳይገለጥ ነው የሚባለው፤ የትናንቱ ሳይያዝ የነገው አይሰጥም። ልጆቹን ወደ ቆሎ ተማሪነት መልሷቸው ማለቴ አይደለም፣ የኔታ ግን ተማሪው ያነበበውን ሳይሆን ከራሱ ያወጣውን ይሰሙ ነበር። እኛ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህንን ጥለን ኖት ማስገልበጥ ላይ ቀረን።

ሌላው የጊዜው ነገር ነው። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ ባሳተመው ሥራ ትርጉም የሌላቸው የፊደል ጥምሮች ሲያጠና ከግማሽ በላዩ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደሚጠፋው አሳይቷል። ትርጉም ያለው ትምህርት እንደዚያ ቶሎ አይጠፋም፣ ግን ካልተመለሱበት መሄዱ አይቀርም። ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ ሻማ አብርቶ መቸከል ለነገ ጠዋት ይሠራ ይሆናል፤ ለሰኔ አይተርፍም፣ እንቅልፉንም ያሳጣዋል፣ እንቅልፍ ደግሞ የተማርነው የሚረጋበት ሰዓት ነው። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ማሳውን አንዴ ገምሶ አይዘራም፣ እያሳረፈ ደጋግሞ ያርሰዋል። ትምህርትም ነገ፣ ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያ በወሩ ይታረስ።

ገንዘብ አይጠይቅም። ያለቀ ደብተር ሽፋን ቆርጦ በአንዱ ፊት ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ መጻፍ ነው። የመለሰውን ወደ ኋላ ያስቀምጠዋል፣ ያልመለሰውን ነገ እንደገና ያነሳዋል። መጽሐፍ የሌለው ልጅም፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅም ኪሱ ይዞት ይሄዳል። ማንበብ የማይችሉ እናት እንኳ ማታ ቡና እየቆሉ "እስቲ ዛሬ የተማርከውን ንገረኝ" ካሉት ትልቅ ነገር ሠሩ፤ እሱ ከራሱ ለማውጣት ይገደዳልና።

የሥራ ባልደረቦቼን የምለምነው የክፍለ ጊዜውን መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ነው። የባለፈውን ሳምንት ሦስት ጥያቄ፣ ደብተር ተዘግቶ፣ ወረቀት ላይ። ማርክ አይያዝበት፣ ማርክ ካለበት ኩረጃ ይመጣል። መልሱ ግን ወዲያው ይነገር፣ አለዚያ ስህተቱን ይዞት ይቀራል። "ይዘቱን መቼ እንጨርሳለን?" ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ፣ እኔም ያው ጭንቀት አለብኝ። እኛ ጨርሰነው ልጁ ጋ ካልቀረ ግን ምኑ ተጨረሰ?

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። የተማሪዎች ገጻችሁ ላይ የምታወጡት ረጅም ማስታወሻ ነው፤ ልጆች ይቆርጡትና ያነቡታል። በእሱ ፋንታ ጥያቄ ብቻ አውጡ። መልሱ በሚቀጥለው ሳምንት ይውጣ፣ ከሥሩም የባለፈው ወር ሁለት ጥያቄ ተመልሶ ይምጣ። የባዮሎጂውን እኔ አዘጋጅቼ በነጻ እልካለሁ፣ ለፊዚክስና ለሒሳቡም ፈቃደኛ መምህራን አሉ። ቦታ ከሰጣችሁን አሳውቁኝ።

አክባሪያችሁ
የባዮሎጂ መምህር፣ ከምሥራቅ ጎጃም