መንገዱ ተመረቀ፤ የስንት ሰው ነው ግን?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፤

አራት ኪሎ ቁጭ ብለው ጋዜጣ ተከራይተው ከሚያነቡት አንዱ ነኝ። ደንበኛችሁ ነኝ ለማለት ትንሽ ያሳፍረኛል። ቢሆንም አነባለሁ፣ ቅሬታም አለኝ። ስለ ገጠር መንገድ ስትጽፉ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ተመረቀ ትሉና ታቆማላችሁ። መንገዱ የስንት ሰው ነው? ከማብቂያው ማዶ ያለውስ መኪና ለመሳፈር ስንት ሰዓት ይሄዳል?

ይህን ያስባለኝ የሕንድ ቆጠራ ነው። ለምን ሕንድ ካላችሁ፣ ሂሳብ ያስተማሩኝ ሕንዳዊ ነበሩ፣ ባጃጁም የመጣው ከዚያው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሲቆጥሩ ከ600 ሺህ በላይ መንደሮች መዝግበዋል። እያንዳንዱ መንደር ባለ ስድስት አሃዝ መለያ አለው። ስንት ቤተሰብ፣ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት እንዳለበት ይጻፋል፤ አውቶቡስ ይገባል ወይ፣ ባቡር ጣቢያ አለ ወይ ይባላል፤ ከሌለም ቅርብ የሚባለው ከ5 ኪሎ ሜትር በታች ይሁን፣ ከ5 እስከ 10 ይሁን ወይስ ከዚያ በላይ፣ እሱም ይሰፍራል። ሁለት መቶ ሰው የሚኖርባት፣ ማንም ስሟን ሰምቶ የማያውቃት መንደር እንኳ የራሷ መስመር አላት።

ቁጥሩ ደግሞ ሥራ ላይ ይውላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 የጀመሩት የገጠር መንገድ ፕሮግራም፣ ሜዳ ላይ 500 ሰው፣ ተራራና በረሃ ላይ ደግሞ 250 ሰው ላለበት ሰፈር ክረምት ከበጋ መኪና የሚያስገባ መንገድ ይሠራ ብሎ ነው የተነሳው። እርግጥ መስፈርት ካለ የሚቀርም አለ። ሜዳ ላይ 490 ቢሆኑስ? አስር ልጅ ወልዳችሁ ኑ ሊባሉ ነው? ግን ቢያንስ የሚከራከሩበት ቁጥር በእጃቸው አለ። ደስ ያለኝ ደግሞ ቆጠራው ላይ መንገዱንና አውቶቡሱን ለየብቻ መጠየቃቸው ነው፣ መንገድ ገባ ማለት መኪና ገባ ማለት እንዳልሆነ የገጠር ሰው ያውቀዋል።

ወደ እኛ ልምጣ። የእናቴ አገር ሰሜን ሸዋ ነው። በጠዋት ከላምበረት አውቶቡስ፣ ከዚያ ቅጥቅጥ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር። ጠጠር መንገድ ተሠርቶልን ነበር፣ አልክድም፤ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ጎርፍ በላው። አሁን ዝናብ ከጣለ ቅጥቅጡ ወንዙ ዳር ያራግፈንና ይመለሳል። አምና አክስቴ ታማ ስምንት ጎረምሶች እየተፈራረቁ በቃሬዛ ነው ለመኪና ያበቋት። ቀበሌው ውስጥ ስንት ሰው አለ ብዬ የሚመለከተውን ሰው ብጠይቀው፣ «አምስት ሺህ ይሆን?» ብሎ መልሶ እኔኑ ጠየቀኝ።

አልፈርድበትም። አገር አቀፍ ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በግንቦት 1999 ነው፤ ያኔ ወደ 74 ሚሊዮን ነበርን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ በየአሥር ዓመቱ ይቆጠር ይላል፤ አራተኛው ቆጠራ ግን ሲራዘም ሲራዘም ይኸው። (ሕንዶቹም እ.ኤ.አ. የ2021ዱን በጊዜው አላካሄዱም፤ ጻድቃን ናቸው አላልኩም።) ያኔ ገና ያልተወለደችው የአክስቴ የልጅ ልጅ ዛሬ ልጅ አዝላ ገበያ ትወርዳለች። ሁለቱም ቁጥሩ ውስጥ የሉም።

መቁጠር የእናንተ ሥራ አይደለም፣ አውቃለሁ። ሌላ ጊዜ ምረቃ ስትዘግቡ ግን፣ ሪባኑ ተቆርጦ ባለሥልጣኖቹ ሲመለሱ ሪፖርተራችሁ እዚያው ይደር። በማግስቱ መንገዱ ካለቀበት እስከ መጨረሻው ጎጥ በእግሩ ይሂድና የፈጀበትን ሰዓት ይጻፍልን። ጫማው ብቻ ደህና ይሁን።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ