የታሪክ ክበብ ዘገባ፦ «ልጁ ባይሞት ኖሮስ?»

ክበባችን ጥቅምት ላይ በ23 አባላት ጀመረ። ከገና በኋላ ሳይቀሩ የሚመጡት 14 ነበሩ፤ የቀሩት ወደ ሚኒ ሚዲያ ሄዱ። አልተቀየምኳቸውም፣ እዚያ ማይክ አለ።

ርእሱን የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው፦ የእንግሊዝና የዴንማርክ ዘውድ በአንድ ሰው ራስ ላይ ቢያርፍ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እኔ ዘመነ መሳፍንትን አስቤ ነበር፤ በድምፅ ተሸነፍኩ።

የመጀመሪያው ሴሚስተር በክኑት አለቀ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክኑት በ1016 እንግሊዝን፣ ቀጥሎ ዴንማርክን፣ በ1028 ደግሞ ኖርዌይን ስለያዘ ነገሩ አንድ ጊዜ ሆኖ የፈረሰ ነው። በ1035 ሲሞት ልጁ ሃርዳክኑት የኖርዌዩን ማግኑስ ፈርቶ ከዴንማርክ ሳይነቃነቅ ቀረ፤ እንግሊዝን የአባቱ ልጅ ሃሮልድ ወሰደው። በኋላ ሃርዳክኑት ዙፋኑን ቢያገኝም በ1042 ሰርግ ቤት ሲጠጣ ወድቆ ሞተ። ተማሪዎቹ ይህችን ለሦስት ሳምንት ሲያወሩ ከረሙ።

ጨዋታው የደመቀው ግን በሁለተኛው ሴሚስተር ነው። ኋላ የእንግሊዝ ንግሥት የሆነችው አን የዴንማርኩን ልዑል ጆርጅን በ1683 አገባች። 17 ጊዜ አርግዛ ሁለት ዓመት የሞላው ልጇ ዊልያም ብቻ ነበር። እሱም 11 ዓመት በሞላው በሳምንቱ በ1700 ሞተ። ቀኑን ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ አንዱ «ጁላይ 30» አለ፣ አንዷ «ኦገስት 10»። ሁለቱም ልክ ነበሩ፦ ዴንማርክ በዚያው ዓመት አዲሱን አቆጣጠር ስትቀበል እንግሊዝ እስከ 1752 በአሮጌው ቆይታለች። ሁለት አቆጣጠር ይዞ መኖርን ለእኛ ልጆች ማስረዳት አላስፈለገኝም።

አንድ ቡድን «ዊልያም ቢያድግ አገሮቹ አንድ ይሆኑ ነበር» ብሎ ኖርዌይንና አይስላንድን ጨምሮ ሁሉንም በአንድ ቀለም የቀባ ካርታ አመጣ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጠመኔ አንሥታ የዘር ሐረጉን ሳለችና «ጆርጅ እኮ ታናሽ ነው!» አለች። ታላቅ ወንድሙ ንጉሥ ክርስቲያን 5ኛ ነበር፤ የእሱ ልጅ ፍሬድሪክ 4ኛ ዴንማርክ ላይ ነግሧል፣ ወንድ ልጅ ወልዷል፣ ሁለት ወንድሞችም አሉት። ዊልያም ለንደን ላይ ይነግሥ ይሆናል፤ በ1714 ሌላው ጆርጅ፣ የጀርመኑ የሃኖቨር ገዥ፣ መጥቶ እንግሊዝ ላይ ባልነገሠ ነበር። ኮፐንሃገንን ግን በምን በኩል ይወርሳል?

እኔም አንድ ነገር ጨመርኩ። ልጁ በሞተበት በዚያው ክረምት የእንግሊዝና የሆላንድ መርከቦች ከስዊድን ጋር ሆነው ኮፐንሃገንን በመድፍ ደብድበዋል። የከተማይቱ ንጉሥ የዊልያም የአጎት ልጅ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

የካርታው ባለቤቶች ግን እጅ አልሰጡም። የ1665ቱ የዴንማርክ የንጉሥ ሕግ በውርስ ወንድን እንደሚያስቀድም፣ ስለዚህ እነ ፍሬድሪክ ካለቁ ተራው ለጆርጅና ለልጁ ለዊልያም እንደሚደርስ አንብበው መጡ። ካርታው አሁንም ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ፍሬድሪክ፣ ሕፃኑ ልጁና ሁለቱ ወንድሞቹ ወራሽ ሳይተዉ ቢሞቱ» የሚል ተጨምሮበታል።