የሳይክል ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ለአንድ ማርሽ ስንት ጥርስ?

የሳይክል ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የሠራው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። ከቤት ትምህርት ቤት የሚያመላልስ ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል ስንት ጥርስ ይኑረው? ማርሽ የሚቀያየርበት ሳይክል ያለው ሰው ዳገት ሲመጣ ያቀላል፣ ሜዳ ሲያገኝ ያከብዳል። ባለ አንድ ማርሹ ላይ ግን ለዳገቱም ለቁልቁለቱም ያው አንዱ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ አስቦ መምረጥ ግድ ነው።

ሥራው በቆጠራ ተጀመረ። አባላቱ ሳይክላቸውን ገለበጡና መነሻውን ጥርስ በጠመኔ እያመለከቱ የፊቱንም የኋላውንም ማርሽ ቆጠሩ። ከዚያ የፊቱን ለኋላው ማካፈል ነው። ፊት 44፣ ኋላ 16 ከሆነ 2.75 ይመጣል። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ 2.75 ጊዜ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ገደማ ከሆነ ሳይክሉ በአንድ የፔዳል ዙር 5.8 ሜትር ያህል ይሄዳል። ይህን ሜዳ ላይ በሜትር ለክተን አረጋግጠናል። የለካነው ሳይክሉን ወደ ኋላ እየገፋን ነው፤ ወደ ፊት ሲገፋ ፔዳሉ አይዞርምና። ባለ 20 ኢንች ጎማ ሳይክል ያላቸው ልጆች ደግሞ በዚያው የጥርስ ቁጥር 4.1 ሜትር ያህል ብቻ አገኙ። የጎማው መጠን ካልታወቀ የጥርስ ቁጥር ብቻውን ብዙም አይናገርም።

ክርክሩ የጦፈው ከዚህ በኋላ ነው። ፍጥነት የሚወዱት 48 በ16 (ፊት 48፣ ኋላ 16 ጥርስ) ይሁን አሉ። በደቂቃ 80 ዙር የሚረግጥ ሰው በዚህ ማርሽ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ቀለል ባለው ማርሽ በ42 በ18 ግን ከ23 እስከ 24 ነው። በሜዳ ላይ ስሌቱ የእነሱ ነው። ዳገቱ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሽቅብ የሚወጣ ሰው በከባዱ ማርሽ በደቂቃ 26 ዙር ብቻ ያዞራል፣ በቀላሉ ማርሽ ደግሞ 34። 26 ዙር ማለት ፔዳሉ ላይ ቆሞ በሙሉ ክብደት መጫን ነው። ጉልበት የሚጎዳው እንዲህ ሲለመድ ነው። መንገድ ላይ ደግሞ ዳገት ብቻ አይደለም ያለው። በየመገናኛው ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። ለእኔ ትልቁ መመዘኛ ይህ ነው፤ ማርሽ የሚመረጠው መንገዱ በጣም በሚከብድበት ቦታ ነው።

ክርክሩን የቋጨችው አንዲት የ10ኛ ክፍል አባል ናት። መጀመሪያ ከባዱን ማርሽ አጥብቃ ትደግፍ ነበር። በሁለቱም ማርሽ ያንኑ ዳገት በባዶ ጀርባ ወጣችና ከባዱን መረጠች። ከዚያ መጽሐፍ የሞላ ቦርሳዋን አዝላ ደገመችው። ወርዳ ያለችው፣ «ያለ ቦርሳ የተሞከረ ማርሽ አልተሞከረም» ነው። ሐሳቧን ስትቀይር የሚያሳፍር ነገር አላየችበትም፤ እኔም እጅግ ኮራሁባት።

በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው። ሜዳም መለስተኛ ዳገትም ላለው መንገድ 44 በ17 ወይም 44 በ18 ጥሩ መነሻ ነው። ዳገት ለሚበዛበት 42 በ19፣ ሜዳ ብቻ ለሆነ ደግሞ 44 በ16። ከዚያ እየነዱ ማስተካከል ነው። ኋላ አንድ ጥርስ መጨመር ወይም መቀነስ 6 በመቶ ያህል ለውጥ ያመጣል፣ እግር ወዲያው ያውቀዋል። ፊት አንድ ጥርስ ግን 2 በመቶ ብቻ ስለሆነ ለረቂቅ ማስተካከያ ይመቻል። 48 በ18 እና 32 በ12 ስሌታቸው እኩል ነው። ለዕለት ተዕለት ግን ትልልቁን እመክራለሁ። ጭነቱን ብዙ ጥርሶች ይካፈሉታል፣ ካቴናውም ብዙ አይታጠፍም። ስለዚህ ይቆያል።

ገጠማው ትዕግሥት ይፈልጋል። የፊቱና የኋላው ማርሽ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። ካቴናው ከተንጋደደ ይጮኻል፣ ይወልቃልም። ካቴና የሚወጥር ሌላ መሣሪያ ስለሌለ የኋላውን ጎማ ዳዶ አላልቶ ጎማውን ወደ ኋላ መሳብ ነው። ኋላ አንድ ጥርስ ሲጨመር ጎማው ወደ ፊት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠጋል። ካቴናው መሃሉ ላይ ሲነካ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይንቀሳቀስ። ፔዳሉን ቀስ ብሎ እያዞሩ በጣም የሚወጠርበትን ቦታ መፈለግና በዚያ ነጥብ መለካት ያስፈልጋል፤ ማርሾች ፍጹም ክብ ሆነው አይገጠሙምና።

አንዳንድ አባላት ፔዳሉ ከጎማው ጋር ሁልጊዜ አብሮ የሚዞረውን ዓይነት ጠይቀው ነበር። ለትምህርት ቤት መንገድ አልፈቀድኩም። ቁልቁለት ላይ እግር ማሳረፍ ይገባል፣ የፊትና የኋላ ፍሬንም የግድ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ካቴና እንለካለን። አዲስ ካቴና 24 መገጣጠሚያው 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 308 ሲደርስ ጥርሱንም ይዞ ማለቅ ስለሚጀምር መቀየር አለበት። የሁሉንም አባላት ካቴና በየወሩ ለክተን መዝገብ እንይዛለን። ምዝገባው ትምህርት እንደተከፈተ ይጀመራል፤ ሳይክል የሌላቸው ተማሪዎችም መመዝገብ ይችላሉ።